እንሥራ ወይስ እንግዛ?

በሰኔ ወር አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን አንድ ባልና ሚስት ከኋላ ቀሩ። ከተጋቡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ እዚሁ ሮቢት በኪራይ ቤት ይኖራሉ። እሱ አስተማሪ ነው፣ እሷ ትንሽ ሱቅ አላት። አግዳሚው ወንበር ላይ ሲቀመጡ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትተው ነበር። ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

«እትዬ፣ ይኸው ወር ሙሉ ማታ ማታ አንነጋገርም» አለች እሷ። «ቤት ሳይኖረን በቤት ተጣላን።»

ታሪካቸውን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል። ስማቸውንና የገንዘባቸውን መጠን ግን አልጽፍም። ገንዘቡ ከእቁብ፣ ከሱቁና ጅዳ ካለች እህቷ የተሰበሰበ የስድስት ዓመት ላብ ነው። ባልየው ከከተማው ዳር አንድ ገበሬ ከእርሻው ላይ ቆርሶ የሚሰጠው ቦታ አግኝቷል። ዋጋው ርካሽ ነው። «አጥሬው ቀስ እያልኩ እሠራለሁ፤ በራሴ ፕላን፣ በራሴ እጅ» ይላል። ሚስት ደግሞ ከተማው ውስጥ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት አይታለች። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው አራት እህትማማቾችና ወንድማማቾች ናቸው የሚሸጡት። «ዛሬ ገዝተን ነገ እንገባለን፤ ልጆቼ ኪራይ ሲጨመር አይሳቀቁም» ትላለች። ባልየው ይህን ሲሰማ «የሰው ጭቃ ቤት ገዝቼ ምስጥ ልቀልብ?» ይላል። እሷም «ማሽላ ማሳ ውስጥ ብቻዬን ከጅብ ጋር ልደር?» ትላለች። እንዲህ እያሉ ወሩ አለቀ።

አዲስ አበባ የሚኖሩ ዘመዶቼ ስለ ቤት ሲያወሩ ኮንዶሚኒየም ነው የሚያነሡት። በ2005 ዓ.ም. 20/80፣ 40/60 እየተባለ ሲመዘገቡ እኔንም ስልክ ደውለው «አንቺስ ተመዘገብሽ?» ይሉኝ ነበር። ሮቢት ያለ ሰው ምን ላይ ይመዘገባል? እኛ ዘንድ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ትሠራለህ፣ ወይ የተሠራ ትገዛለህ። ሁለቱም ደግሞ ትዳርን የሚፈትን የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጉድ ላውጣ።

እኔና ባለቤቴ በ2010 ዓ.ም. በሊዝ ባገኘናት አነስተኛ ቦታ ላይ ቤት ጀመርን። ያሰብነው አራት ክፍል ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ፣ ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣውና አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን ማስላት ስለሚገባው ሰው የተናገረውን ወስጄ ረጅም ጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ቤታችንን ስንጀምር ግን እኔም መጋቢውም ቁጭ ብለን አላሰላንም። ጸለይን፣ ሰው ጠራን፣ ቆፈርን።

የእኛን አገር ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በላዩ ያለውን ግድግዳ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያለ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መሠረቱ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መውረድ አለበት፤ አለዚያም አፈሩ ወጥቶ በሌላ መሞላት አለበት። ግንበኛችን ዕድሜያቸው የገፋ ሙስሊም አባት ነበሩ። ቁፋሮው ወገብ ሳይደርስ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይህ አፈር ገንዘብሽን ይበላዋል፤ ቤቱን አሳንሱት» አሉኝ። እኔ ግን ስለ ሳሎኑ ስፋት ነበር የማስበው። መሠረቱ ድንጋዩንም፣ ሲሚንቶውንም፣ ፌሮውንም ዋጠው። ግድግዳው መስኮት ላይ ሲደርስ ገንዘባችን አለቀ።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ እናልብሰው በሚል ጉጉት ከጉባኤያችን ከአንዲት እህት ገንዘብ ተበደርሁ። ለባለቤቴ ግን «ወንድሜ ላከልኝ» አልሁት። በሁለት ወር እመልሳለሁ ብዬ ነበር፤ ሰባት ወር አለፈ። ያቺ እህት ገንዘቧን ለልጇ ሕክምና ፈለገችው። እኔን ፊት ለፊት መጠየቅ አፈረች መሰለኝ፣ መጀመሪያ ከሐሙሱ የሴቶች ጸሎት ቀረች፣ ቀጥላ ከእሑዱም ቀረች። ባለቤቴ «እህታችን ምን ሆና ነው?» ብሎ ሊጠይቃት ሄደ። እንደ መጋቢ ሄዶ እንደ ባለዕዳ ተመለሰ።

ያን ማታ ምንም አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከሱቅ አንድ ደብተር ገዝቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ብር ስትገባም ስትወጣም እዚህ ትጻፍ፤ እኔም እጽፋለሁ» አለኝ። የተገዛውን ቆርቆሮ በኪሳራ ሸጥነው። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ያቺ እህት ዛሬ አብራን ታመልካለች፤ የልጇም ጤና ተመልሷል። ነገር ግን ሐሙስ ሐሙስ አጠገቤ ተቀምጣ ስትጸልይ አሁንም ጉሮሮዬን የሚያንቀኝ ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦና ወደ አካባቢያችን መጣ። እኛም እንደ ብዙው ሰው ልጆቻችንን ይዘን ወጣን። የቦታውን ካርታ በላስቲክ ጠቅልዬ በመቀነቴ ሥር ታጥቄው ነበር። ስንመለስ የቆመው ፌሮ ተቆርጧል፣ ለበር ያስቀመጥነው ጣውላ የለም። ማን እንደ ወሰደው አላውቅም፤ በዚያ ክፉ ጊዜ ማገዶ ያጣ ሁሉ ያገኘውን አንድዷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ አቅማችንን አይተን፣ በግቢው ኋላ አንዲት ክፍልና ማድ ቤት፣ ሰው ሰርቪስ የሚላትን፣ ሠርተን ገባን። ዛሬም የምንኖረው እዚያው ነው። ዋናው ቤት እስካሁን መስኮቱ ላይ ቆሟል። ጎረቤቶቻችን የማሽላ አገዳ ያደርቁበታል።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ እኔ ዘንድ መጥተው «ምን ትመክሪናለሽ?» ያሉት ይህን ሳያውቁ ነው። ነገርኋቸው። ሚስትየዋ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። ከዚያ ስለ ሁለቱ ምርጫዎቻቸው ተራ በተራ ተነጋገርን።

በባልየው ቦታ ጀመርን። ይህን ጉዳይ በደንብ ላብራራው፤ ምክንያቱም በየከተማው ዳር ብዙ ወንድሞች እየገቡበት ያለ ነገር ነው። በአገራችን የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት በሐምሌ በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ዞረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ገበሬው በመሬቱ ይጠቀማል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል። መሸጥ ግን አይችልም። በክልላችን የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም የሚጻፍ በመሆኑ፣ ገበሬው ብቻውን በጓሮ በር ቆርሶ የሚሰጠው ነገር የሚስቱንና የልጆቹንም እንጀራ ይነካል። ስለዚህ ወንድማችን «ገዛሁ» ቢልም በእጁ የሚገባው አንድ ተራ ወረቀትና አንድ የአጥር ቆርቆሮ ነው። ካርታ የለም። ካርታ የሌለው ቤት ላይ ያፈሰሱት ሲሚንቶ አንድ ቀን ፈራሽ ነው ሲባል ማንም አይመልሰውም።

ባልየው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። አማኝ ግን በጨረቃ ያጠረውን ቦታ በጠዋት ጌታ ባረከኝ ብሎ ምስክርነት ሲሰጥ ስሰማ እኔ እሸማቀቃለሁ። ይህን ስለው አንገቱን ደፋ። ትንሽ የከረርሁበት ይመስለኛል።

ቦታ በሕጋዊ መንገድ ማግኘትም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የከተማ ቦታ በዋናነት የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። መነሻ ክፍያ አለው፣ ግንባታው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜም ተወስኗል። በማኅበር ተደራጅተው የሚጠብቁም አሉ። በሊዝ የተያዘ ቦታ ላይ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ለሌላ ማስተላለፍም የራሱ ሥርዓት አለው። ስለዚህ «ቦታ ብቻ ነው፣ ገና አልተሠራበትም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሲመጣ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ሳትጠይቁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አታስገቡ።

ቦታው ሕጋዊ ቢሆን እንኳ መሥራት ምን እንደሚጠይቅ ተነጋገርን። ሲሚንቶ ከገበያ የጠፋበትንና ሰው ከረጢት ፍለጋ ከከተማ ከተማ የዞረበትን ጊዜ ሁላችን እናስታውሳለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጣ። በመስከረም ያሰላችሁት ሒሳብ በግንቦት አይሠራም። ደግሞ ሥራው ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ባል ሥራ ይውላል፤ ታዲያ አሸዋ ሲራገፍ የምትቆጥር፣ ውኃ የምታስቀዳ፣ ብሎኬቱ ውኃ እንዲጠጣ ጠዋት ማታ የምታርስ፣ ለሠራተኛ ቡና የምታፈላ ማን ናት? ባሎች «ቤት እየሠራሁ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሚስቶቻቸው እየሠሩት ነው። ቅዳሜ ማታም የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አለ። ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ባልንጀራውን በነጻ አሠርቶ ሰገነት ስለሚሠራ ሰው የተናገረውን አንብቡት፤ ወዮታ ነው። እኛም አንድ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ «ሰኞ እንከፍላችኋለን» ብለን ነበር። ሰኞ ዕለት ከመካከላቸው አንዱ አልመጣም።

ከዚያ ወደ ሚስትየዋ ቤት ተሻገርን። እሷ «የተሠራ ነው፣ ያለቀ ነው» ትላለች። የተሠራ ቤት ግን የሰው ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ካርታው በሟች አባት ስም ነው። ከልጆቹ ሦስቱ እዚህ አሉ፤ አንዱ ወንድም ዐረብ አገር ነው። ሦስቱ «እሱ ተስማምቷል፣ በስልክ ነግሮናል» ይላሉ። በስልክ የተስማማ ሰው ነገ ተመልሶ «የአባቴን ቤት ማን ሸጠው?» ቢልስ? የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቀረው ወንድም በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና መላክ አለበት። ከሻጮቹ መካከል ባለትዳር ካለና ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይስማማ፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ሲሸጡ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት መሆን አለበት ይላል። ደላላ ቤት ሻይ እየጠጡ የሚፈረም ነገር አይደለም። ቤቱ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ሥር አለመሆኑንም ከማዘጋጃ ቤት ማጣራት ግድ ነው። የስም ማዛወሪያውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል እንኳ ቀድሞ ካልተነገረ ያጣላል።

ስለ ቀብድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገርኋቸው። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ «ለመያዣ ያህል ትንሽ ወርውሩ» ሲባል የምትወረውሩት ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ባልየው «እትዬ፣ ይህ እምነት ማጣት አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ኤርምያስ 32ን አነበብንለት። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባለች፣ ነቢዩም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፤ በዚያ ሰዓት የአጎቱን ልጅ እርሻ በዐሥራ ሰባት ሰቅል ብር ይገዛል። ይህ ታላቅ እምነት ነው። ግን እምነቱን እንዴት እንደ ፈጸመው ተመልከቱ፤ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች ጠራ፣ ብሩን በሚዛን መዘነ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለት ቅጂ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። የነቢይ አፍ ያለው ሰው ምስክር ጠርቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሁለት ምስክር ነው የሚፈልገው። እኔ ይህን ምዕራፍ ኮሌጅ ስማረው የተስፋ ምዕራፍ ነበር፤ ካርታ ታጥቄ ከወጣሁ በኋላ ግን የሸክላው ዕቃ ነው ዓይኔ ላይ የሚቀረው።

ቀጥሎ ቤቱ ራሱ። ቆላ ነንና ምስጥ አለብን። ጭቃ ቤት ከውጭ በልስን አምሮ፣ ከውስጥ ምሰሶው ባዶ ሊሆን ይችላል። ረጅም ሚስማር ይዛችሁ የእያንዳንዱን ምሰሶ ሥር ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ከገባ ተበልቷል። ጣሪያውን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከውስጥ ሆናችሁ እዩት፤ ቀዳዳው እንደ ኮከብ ይታያል። ከሁሉ በላይ ዝናብ ሲዘንብ ሂዱ። እኛ የራያ ሰዎች ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን እርሻ እናጠጣበታለን፤ ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ ገበሬው ደስ ይለዋል። ያው ጎርፍ ግን መንገዱን የማይረሳ ነው። በጥር ያያችሁት ደረቅ ቦይ በነሐሴ ሳሎን ይሆናል። ጎረቤቶችን ጠይቁ፤ ደላላ የሚደብቀውን የጎረቤት ባልቴት ቡና ሳትጨርስ ትነግራችኋለች።

ዘሌዋውያን 14 ላይ ግድግዳው ስለ ታመመ ቤት ይናገራል። ካህኑ ቤቱን አይቶ ወዲያው አይፈርድም፤ ሰባት ቀን ዘግቶት ተመልሶ ያየዋል። የእኛ ደላላ «ሌላ ገዢ አለ፣ እስከ ማታ ወስኑ» ይላል።

«ታዲያ የቱን እናድርግ?» አሉኝ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አስተያየት እንደሆነም ይታወቅልኝ። ሕጋዊ ቦታ ያላችሁ፣ ገንዘባችሁም በየወሩ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ ሥሩ፤ ግን ሰርቪሷን አስቀድሙ። ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል መስኮት ላይ ከቀረ አራት ክፍል ትበልጣለች። ገንዘባችሁ አንድ ላይ በእጃችሁ ካለ፣ ቦታ ከሌላችሁ፣ ሥራው ላይ የሚቆምም ሰው ከሌለ፣ ወረቀቱ የጠራ ትንሽ ቤት ግዙ። ጭቃ መሆኑ አያሳፍርም፤ ሊሾና ኮርኒስ በኋላ ይደርሳል። እኔ ዛሬ እንደገና ብጀምር እገዛ ነበር። ባለቤቴ በዚህ አይስማማም። የመስኮቱን ግድግዳ በቀን አንዴ እየዞረ ያየዋል፤ አንድ ቀን ይጨርሰዋል ብዬ እኔም ዝም እላለሁ።

በነገራችን ላይ «አገልጋይ ቤት ምን ያደርግለታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ባሏ የሞተባትና የቤተ ክርስቲያኑን ቤት ለተተኪው አገልጋይ ልትለቅ ዕቃዋን የጠቀለለች ሴት አይተው ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር። ይህን ሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ባልና ሚስቱን ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ አስጨብጬ ሸኘኋቸው። ቤት እስኪወሰን ድረስ ሁለቱም በአንድ ደብተር እንዲጽፉ፤ ያለውን ገንዘብ፣ ያለውን ዕዳ፣ እያንዳንዳቸው የሚፈሩትን። ባልየው «የምንፈራውንም?» አለ። «አዎን፣ ዋናው እሱ ነው» አልሁት።

በነሐሴ መጨረሻ ሚስትየዋ ደወለችልኝ። ባልየው የገበሬውን ቦታ ትቶታል፤ ግማሽ ቀን ተኳርፎ ነው የተወው። ከዚያ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሚስማርና ጃንጥላ ይዞ የወራሾቹን ቤት ሊያይ ሄደ። ጎርፉ በኋላ በር በኩል እንደሚያልፍ፣ ግቢው ውስጥ ግን እንደማይገባ አየ። ከምሰሶዎቹ ሁለቱ ባዶ ሆነው አገኛቸውና ሻጮቹን ዋጋ ቀንሱ አላቸው። እነሱ ገና መልስ አልሰጡም። የዐረብ አገሩ ወንድም ውክልናም አልደረሰም፤ ስለዚህ ቀብድ አልከፈሉም። ጅዳ ያለችው እህቷም ውክልናውን በዚያ በኩል እየተከታተለች ነው።

«ታዲያ ተስማማችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ገና ነው እትዬ። እሱ አሁን የኋላውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት ልሥራው እያለ ያደክመኛል» አለች። ከኋላ የባሏ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ስለ ብሎኬቱ ቁጥር ያርማታል።